ለውሻ ተያዥ መሆን

ፈላጊ ያጣ ውሻን ከመገደል አድኖ ለአዲስ አሳዳሪ የማስረከብ ሥራ በበርካታ የዓለም ከተሞች ራሱን የቻለ ተቋም ካበጀ ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ሆኖታል። በ1860 እ.ኤ.አ. ሜሪ ቲልቢ የተባለች እንግሊዛዊት በለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች የከፈተችውና በኋላ ወደ ባተርሲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ የሚሠራው መጠለያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ከዚህ ዓይነቱ መጠለያ ቀጥሎ በአሜሪካና በአውሮፓ የተስፋፋው የዝርያ ታዳጊ ማኅበር ደግሞ ዓላማው አንድ ሆኖ አሠራሩ ጠበብ ያለ ሲሆን፣ ጉልበቱን ሁሉ በአንድ የውሻ ዝርያ ላይ ያውላል። ዝርያ ሲባል ሰው ለአንድ ሥራ ወይም ለአንድ መልክ እየመረጠ በማዳቀል ያጸናው የውሻ ወገን ማለት ነው፤ ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ግሬይሀውንድ ምሳሌዎቹ ናቸው። የዚህን ማኅበር አሠራር ማወቅ ዝርያው ለማይጠራው፣ በአዲስ አበባው የመርካቶ ገበያ በየተራው በረንዳ ሥር ለሚያድረው ውሻም ይጠቅማል።

ማኅበሩ የተፈጠረበትን ምክንያት ለመረዳት በእነዚያ አገሮች አንድ ውሻ እንዴት ወደ ሞት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል። ያለ ጌታ በመንገድ የተገኘ ውሻ ተይዞ ወደ እንስሳት ማቆያ ይገባል፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ ሕጉ ባለቤቱ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ሰባት ቀን እንዲቆይ ያዛል። ቀኑ ካለፈና ጠያቂ ከጠፋ፣ ማቆያው ደግሞ ከሞላ፣ ውሻው ፔንቶባርቢታል የተባለ ኃይለኛ ማደንዘዣ በደም ሥሩ ተወግቶ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ወዲያውም ትንፋሹና ልቡ ይቆማል። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከለው የአሜሪካ ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባሠራጨው ግምት በዚያች አገር ማቆያዎች በዓመት 390,000 ያህል ውሾች በዚህ መንገድ ይሞቱ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ የጎደላቸው አንድ ነገር ቢኖር «ይህን ውሻ እኔ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ነው።

የዝርያ ታዳጊ ማኅበር በዚህ ክፍተት ይገባል። የአንድን ዝርያ ጠባይ፣ በሽታና ፍላጎት ጠንቅቀው የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች ከማቆያዎች ጋር ስለሚገናኙ፣ የዚያ ዝርያ ውሻ ቀኑ ሊያልቅ ሲል ይነገራቸዋል፤ ሄደው ያወጡታል፣ ያሳክሙታል፣ ያስከትቡታል፣ እንዳይራባ ያመክኑታል፤ ከዚያም ከአባሎቻቸው በአንዱ ቤት በአደራ ያኖሩታል። የአደራ ቤቱ ጥቅም መጠለያ ከመሆን ያለፈ ነው፤ ውሻው ሕፃናትን መቻሉ፣ ድመት ማሳደድ አለማሳደዱ፣ ብቻውን ሲቀር መረበሽ አለመረበሹ የሚታወቀው በዚያ ነው። አሳዳሪ ልሁን የሚል ሰው ማመልከቻ ይሞላል፣ ቤቱ ይጎበኛል፣ ውልም ይፈርማል፤ የውሉ ዋና አንቀጽ ሰውዬው ውሻውን ማኖር ቢሳነው ለሌላ ሳይሰጥና ሳይጥል ለማኅበሩ እንዲመልስ የሚያስገድደው ነው። በእሽቅድድም ሜዳ ጥቂት ዓመታት ሮጠው ፍጥነታቸው ሲቀንስ የሚጣሉት ግሬይሀውንዶች የዚህ አሠራር ዋና ተጠቃሚዎች ሆነዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ሕዝብ የውሻ እሽቅድድምን በድምፁ ሲያስቀር ከሜዳው የሚወጡትን ውሾች ተቀብለው ቤት ያፈላለጉት እንዲህ ያሉ ማኅበራት ናቸው።

በአዲስ አበባ ቋንቋ ይህን ሥራ የሚገልጽ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ተያዥ ነው። ዘበኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ቀጣሪው ተያዥ ይጠይቃል፤ ተያዡ ስለ ሰውዬው ጠባይ የሚመሰክር፣ ጥፋት ቢገኝበትም የሚጠየቅ ሰው ነው። የዝርያ ታዳጊ ማኅበር ለውሻ የሚሆነው ይህንኑ ነው። ዝርያው የማኅበሩን አባላት ያሰባስባል፤ ውሻውን ከመርፌው የሚያድነው ግን ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው መገኘቱ ነው።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የተቋቋመው መርካቶ የሚሠራው በተያዥና በዋስ፣ በመተዋወቅና በቃል ነው። ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሸቀጥ፣ የራሳቸው ተሸካሚና የራሳቸው ዘበኛ እንዳላቸው ሁሉ የራሳቸው ውሾችም አሏቸው። ቀን ቀን በገፊው፣ በሚዛኑና በጭነት መኪናው መካከል የማይታዩት እነዚህ ውሾች፣ የሱቆቹ መዝጊያ ወርዶ ቁልፍ ሲገባ ከየጥጋቸው ይወጣሉ። ዘበኛው ጋቢውን ደርቦ በካርቶን ላይ ሲቀመጥ ውሻው አጠገቡ ይጋደማል፤ ከራቱ የተረፈችውን እንጀራ፣ ወይም ከምግብ ቤቱ የመጣውን ትርፍራፊ፣ ቡሌውን፣ ይካፈላል፤ የተራውን ሰው በጠረኑ ለይቶ ዝም ይላል፣ እንግዳ እግር ሲሰማ ግን ጆሮውን አቁሞ ይነሣል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል በዚህ ሰዓት በየበረንዳው ይታያል።

ይህ ውሻ በመዝገብ ባለቤት አልባ ነው፤ በኑሮው ግን የተራው ነው። ቁጥሩ የሚበዛውም በአብዛኛው ከጓሮ በተጣሉ ቡችሎች ነው። ግቢ የሚያስጠብቅ ሰው ወንድ ቡችላ መርጦ ሲወስድ ሴቷ «ትወልዳለች፣ ወንድ ትሰበስባለች» ተብላ ትቀራለች፤ ብዙ ጊዜም ጡት ሳትጥል በካርቶን ተደርጋ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ወይም ገበያ ዳር ትጣላለች። ከዚህ የተረፈችው ሴት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ትሰረራለች፣ እርግዝናዋም 63 ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንም ያልፈለጋት አንዲት ቡችላ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ማንም የማይፈልጋቸው የብዙ ቡችሎች እናት ትሆናለች።

ሕዝብና አስተዳደር ውሾቹን የሚፈሩበት ምክንያት እውነተኛና ከባድ ነው። በእንስሳው ምራቅ ውስጥ ያለ ቫይረስ በንክሻ ወደ ሰው ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚደርስበት የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞቱ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም በዓመት 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱና ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ እንደሆነ ይገምታል። አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ ሳለች፣ በ1903 እ.ኤ.አ.፣ ብርቱ ወረርሽኝ ደርሶባት ነበር። በውሻ የተነከሰ ሰው «ፓስተር» እየተባለ ወደሚጠራው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወደሆነው ተቋም መሄዱም የከተማዋ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ተቋም ለረጅም ዘመን ሲዘጋጅ የኖረው ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት 14 ቀን በተከታታይ በሆድ ዙሪያ ቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ከዚያም ማጠናከሪያ መርፌዎች የሚከተሉት ነበር፤ በልጅነቱ ያንን መርፌ የቀመሰ ሰው ውሻ ባየ ቁጥር ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ከዚህ ፍርሃት የመጣው መፍትሔ ግን መርዝ ሆነ። ማዘጋጃ ቤቶች ስትሪክኒን የተባለውን፣ ከአንድ የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚገኘውን መርዝ በሥጋ እየለወሱ ሌሊት በመንገድ መበተን ልማድ አደረጉ። ስትሪክኒን በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያረጋጋውን መልእክት ስለሚዘጋ፣ የበላው እንስሳ ጡንቻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገተራል፤ ጀርባው እንደ ደጋን ይቀሰራል፤ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሠርተው መላቀቅ ስለሚያቅታቸው ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አእምሮው አይደነዝዝም። በለንደን ማቆያ በማደንዘዣ የሚሞተው ውሻና በመርካቶ አስፋልት ላይ ሲንፈራገጥ የሚያድረው ውሻ ሁለቱም ፈላጊ ያጡ ናቸው፤ አሟሟታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ግድያው ጭካኔ ከመሆኑ በተጨማሪ የታሰበለትን ዓላማም አያሳካም። አንድ ሰፈር የሚያኖራቸው ውሾች ብዛት የሚወሰነው በሚገኘው ምግብና ማረፊያ ነው፤ የሥጋ ቤቱ አጥንትና የምግብ ቤቱ ቡሌ እስካለ ድረስ የሞቱት የለቀቁት ቦታ ባዶ አይቀርም። ከአጎራባች ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፤ የተረፉት እናቶች የሚወልዷቸው ቡችሎችም ፉክክር ስለሚቀልላቸው በብዛት ያድጋሉ። አዲሶቹ ያልተከተቡና ከሰፈሩ ጋር ያልተላመዱ ስለሆኑ በሽታው የሚዛመትበት መንገድ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት በ2008 እ.ኤ.አ. በሽታው ሲገባ ብዙ ሺህ ውሾች ቢገደሉም ሥርጭቱ አልቆመም፤ የሰው ሞት መቀነስ የጀመረው ደሴቱን በሙሉ ያዳረሰ የውሻ ክትባት ከተጀመረ በኋላ ነው። በሕንዷ የጃይፑር ከተማ ደግሞ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንገድ ውሾችን እየያዘ፣ እያመከነና እየከተበ ወደ ሰፈራቸው የመለሰው ሥራ የውሾቹን ቁጥር በ28 በመቶ ሲቀንስ፣ ሥራው በተካሄደበት ክልል የሰው በእብድ ውሻ በሽታ መሞት እስከ መቆም ደርሷል። የባለሙያዎቹ መለኪያ ቀላል ነው፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል።

ይህ እውቀት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በባሌ ተራሮች በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. በሽታው ከቤት ውሾች ተሻግሮ በዓለም ላይ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ከፈጀው በኋላ፣ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእረኞችን ውሾች መከተብን ቋሚ ሥራው አደረገ፤ ቀበሮውን የሚጠብቀው ውሻው ሲጠበቅ መሆኑም በዚያ ታየ። ኤፍሬም ለገሰና ሐና ክፍሌ ሃፕስ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀውን የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበር መሥርተው በስትሪክኒን መግደል እንዲቀርና ማምከንና ክትባት እንዲተካው ተከራክረዋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር አንተነህ ሮባ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት ኢንተርናሽናል ፈንድ ፎር አፍሪካም ከሂውሜን ሶሳይቲ ኢንተርናሽናል ጋር ተባብሮ በአዲስ አበባ ውሾችን የማምከንና የመከተብ ሥራ አካሂዷል።

የሥራው ሂደት በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስላል። ውሻዋ በመረብ ወይም በምታውቀው ሰው እጅ ትያዛለች፤ ማደንዘዣ ተወግታ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ትንጋለላለች፤ ሆዷ ተላጭቶ በአዮዲን ይታጠባል። የእንስሳት ሐኪሙ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀዶ የዘር እጢዎቿንና ማሕፀኗን ካወጣ በኋላ ይሰፋዋል፤ ክትባቱም በዚያው ይሰጣል። ከማደንዘዣው ሳትነቃ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ በትንሹ ይቆረጣል። ቁስሉ ደርቆ ጠጉር ሲያለብሰው የሚቀረው ምልክት ከሩቅ ይታያል፤ ትርጉሙም «ይህች ከእንግዲህ አትወልድም፣ ተከትባለች» የሚል ነው። ክትባቱ በየጊዜው መታደስ ስላለበት ግን የጆሮው ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑን የሚያስታውስ፣ ውሻዋን ጠርቶ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

የዝርያ ታዳጊ ማኅበር ትምህርት ለመርካቶ የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። የሐበሻ ውሻ በዝርያ ስም የሚቆረቆርለት ማኅበር የለውም፤ ሁሉንም ወደ መጠለያ ማስገባትም ሆነ ለሁሉም ግቢ ያለው አሳዳሪ ማግኘት አይቻልም። የተራው ሰው ግን ውሻውን ያውቀዋል። ዘበኛው የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛው ሰው እንደሚፈራ፣ የትኛውም ከሦስት ቀን ወዲህ ጠባዩ እንደተለወጠ ከማንም ቀድሞ ያያል፤ የእንስሳት ሐኪም የሚፈልገው መረጃም ይኸው ነው። በየተራው አንድ ነጋዴና አንድ ዘበኛ ለውሾቻቸው ተያዥ ሆነው ቢመዘገቡ፣ የክትባት ወረቀቱ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ መሳቢያ ቢቀመጥ፣ ሴት ቡችላ በካርቶን ከመጣሏ በፊት እናቷ ብትመክን፣ ቡሌውም በገንዳ ከሚበተን ለተከተቡት ውሾች በልክ ቢሰጥ፣ መርዝ የሚጠራበት ምክንያት አንድ በአንድ ይወገዳል። የተነከሰ ሰው ቢገኝም ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄዱ፣ የነከሰው ውሻ ደግሞ ሳይገደል ለ10 ቀን ተይዞ መታየቱ የሚሳካው ውሻው የማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

በመርካቶው አንዋር መስጊድም ሆነ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውሻ አይገባም፤ ነገር ግን በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘው ሰው ታሪክ በእስልምና፣ የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ታሪክም በክርስትና ይነገራል። ከመቅደስ መራቅና ከርኅራኄ መራቅ አንድ እንዳልሆኑ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። የመርካቶ ውሻ በበላበት ሲጮኽ ስንት ሌሊት አድሯል። አሁን ተራው የተራው ነው፤ መዝጋቢው መጥቶ «ይህ ውሻ የማን ነው?» ሲል፣ ካርቶኑን የተካፈለው ዘበኛ «የእኛ ነው» ብሎ ስሙን ማስጻፉ ለዚያ ውሻ ሕይወት ነው።