የሙያ ማስረጃና የጠረፍ መንገድ

ሄሉ በኬንያ ሞያሌ የምትገኝ ሠፈር ናት። ሁለቱን ሞያሌዎች የሚለያቸው ወሰን በእግር የሚታለፍ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ኬንያ በእንግድነት መግባትና በዚያ ተቀጥሮ መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልናስታውስ እንወዳለን።

በኬንያ ለመቀጠር የሚሻ የውጭ አገር ባለሙያ በምድብ «ዲ» የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማመልከቻውን የሚያቀርበው አሠሪው ሲሆን፣ የሠራተኛው ድርሻ የሙያ ማስረጃውን አሟልቶ መስጠት ነው። በአማርኛ የተጻፈውም በታወቀ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ ባለሙያውን የሚያሰናክሉት ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። አንደኛው ስም ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ ዓይነት ይጻፋል፤ ዲፕሎማውና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ አንዷ ሴት ሁለት ሰው ትመስላለች።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የተመረቀች ነርስ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተመረቀችው በ2018 ነው። ተርጓሚው 2010 ብሎ ቢተወው፣ ያላገለገለችው ስምንት ዓመት ይጨመርላታል። ከሥራ ልምድ ወረቀቷ ጋር ሲመሳከርም ሐቀኛይቱ በሐሰት ትጠረጠራለች፤ እንጀራዋም ይቋረጣል።

ስለዚህ ማስረጃ የሚጽፍ ሹም ሁሉ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር እንዲያመሳክር፣ ከዓመቱም አጠገብ የማን አቆጣጠር መሆኑን እንዲገልጽ አደራ እንላለን። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዲት ፊደል ለማሳረም ይህን ሁሉ መንገድ ከመመለስ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።