ከ«123456» የሚሻል የይለፍ ቃል

የይለፍ ቃልን የሚሰብረው ቁጭ ብሎ የሚገምት ሰው ሳይሆን በአብዛኛው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የሚጀምረው ቀድሞ ከሾለኩ ዝርዝሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ፣ በብዛት የተገኘው «123456» ነበር። ስምን ከልደት ዓመት ጋር ማጣመርም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ዝርዝሩ ካልሠራ ፊደላትን እያፈራረቁ መሞከር ይቀጥላል። በዘፈቀደ የተመረጡ 8 ትናንሽ የላቲን ፊደላት 209 ቢሊዮን ያህል ቅንብር አላቸው፤ ለፈጣን ኮምፒውተር ይህ ብዙ አይደለም። 4 ፊደል ሲጨመር ግን ሙከራው 456,976 እጥፍ ይሆናል። «ኤስ»ን በዶላር ምልክት መተካትን ግን ፕሮግራሞቹ ከለመዱት ቆይተዋል።

ስለዚህ በዕጣ የወጡ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት (ድስት፣ ባቡር፣ ኮሶ፣ መስኮት እያሉ) በላቲን ፊደል ተያይዘው ቢጻፉ ይጠነክራሉ፣ ለማስታወስም አይከብዱም። የታወቀ ተረት ወይም የዘፈን ስንኝ ግን አይሆንም። የኢሜይል የይለፍ ቃል በተለይ ሌላ ቦታ መደገም የለበትም፤ የሌሎቹ አካውንቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይሉ በኩል ነውና።

የይለፍ ቃልን በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለውን አሮጌ ምክር የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ትቶታል። ሰው ሲገደድ ብዙ ጊዜ የሚቀይረው መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁጥር ብቻ ነውና። መቀየር የሚያስፈልገው ቃሉ መሾለኩ ሲታወቅ ወይም ሲጠረጠር ነው።