ስንዝር ቁመት፣ ጋት ውፍረት

መሬት የሚርቃቸው ሰዎች አሉ። ቁመታቸው ስለረዘመ አይደለም፤ የጭናቸው የኋላ ጡንቻ ስላጠረ፣ ወገባቸው ስለደረቀ፣ ዳሌያቸው ወንበር ስለለመደ ነው። እኔ ዘንድ አምቦ ውስጥ ከሁለት ወገን ይመጣሉ። አንደኛው ወገን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ነው፦ የባንክ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የወረዳው ሒሳብ ሠራተኛ፣ በአዲስ አበባና በጉደር መካከል ሲመላለስ የሚውለው ሾፌር። ሌላው ደግሞ መቀመጥ የማይሆንለት ሯጩ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን የብር ሜዳሊያ ያገኘው ፈይሳ ሌሊሳ የጄልዱ ልጅ ነውና፣ እሱን እያሰበ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጥ ወጣት በምዕራብ ሸዋ ከተሞች አይጠፋም። ያ ሁሉ ርቀት የሮጠ እግር ግን ጎንበስ ብለህ ጣትህን ንካ ሲሉት እሺ አይልም። እጁ ቅልጥሙ ላይ ይቀራል።

ለረጅም ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የሳሎኔን ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጌ ጎረቤቶቼን አሠራለሁ። ለሾፌሩም ለሯጩም መጀመሪያ የማቀብላቸው ዕቃ አንድ ነው፤ የዮጋ ብሎክ።

ብሎኩ ከፎም የተሠራ አራት ማዕዘን ነገር ነው። የተለመደው ልክ 23 በ15 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። በእኛው መለኪያ ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ ውፍረቱ አንድ ጋት ገደማ ይሆናል። የሚጠቅመው ሦስት ከፍታ ስላለው ነው፦ በጀርባው ሲተኛ 10፣ በጎኑ ሲቆም 15፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም 23 ሳንቲ ሜትር። እጅ መሬት ለመድረስ የሚጎድለው ነገር ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። የሚጎድለውን በግድ እሞላለሁ ያለ ሰው ደግሞ ከሌላ ቦታ ይበደራል፤ ጀርባው ይጎብጣል፣ ደረቱ ይዘጋል፣ ጉልበቱ ይጣመማል። እጁ ወለል ነክቷል፤ ሊሳብ የሚገባው ጡንቻ ግን አልተሳበም፣ ሊያርፍ የሚገባው ወገብ ተጎድቷል።

ብዙዎች ሲያዩት የደካማ መደገፊያ ይመስላቸውና ያፍራሉ። በተለይ ወንዶቹ ወደ ጎን ገፋ ያደርጉታል። እኔ ይህን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያድሩት መሪጌታና ደብተራ መቋሚያ ይይዛሉ። መቋሚያ ስለያዙ ደካማ ናቸው ያላቸው ማንም የለም፤ እንዲያውም ያን ያህል ሰዓት እንዲቆሙ ያስቻላቸው እሱ ነው። ብሎክም ሥራው ይኸው ነው። ሰውነት በትክክለኛው ቅርጽ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ለውጥ የሚመጣውም ከመቆየት ነው።

ይህን የመደገፊያ ዘዴ በዓለም ያስፋፉት ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር የተባሉት ሕንዳዊ መምህር ናቸው። የተወለዱት በታኅሣሥ 1911 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር የኅዳር በሽታ ሰው የጨረሰበት ዓመት መሆኑ ነው። ያው ወረርሽኝ ሕንድንም ሲያጠቃ እናታቸውን እርጉዝ ሳሉ ይዟቸው ስለነበር፣ ልጁ ከሲታና በሽተኛ ሆነው አደጉ፤ ወባውም፣ ታይፎይዱም፣ የሳንባ ነቀርሳውም ተፈራረቁባቸው። አልታዘዝ ያለ ሰውነት ምን እንደሆነ ከራሳቸው ያወቁ ሰው ናቸው። ፑኔ ከተማ ሲያስተምሩ ጡቡንም፣ እንጨቱንም፣ ገመዱንም፣ ወንበሩንም ለተማሪዎቻቸው ድጋፍ አደረጉት። በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የዮጋ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ እሳቸውም እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ኖረው በ95 ዓመታቸው አረፉ። የፎም ብሎክ የመጣው ከዚያ ሁሉ ጡብና እንጨት በኋላ ነው።

እኔም በመጀመሪያ ያየሁት ፎሙን አልነበረም። ሕንዳውያን መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ አስተምረዋል፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲም ብዙ ሕንዳውያን ነበሩ። የአንደኛው መምህር ባለቤት ጎረቤቴ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በረንዳዋ ላይ ሁለት ቀይ ጡብ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በመርፌና ክር ጥሩ አድርጋ ሰፍታ፣ በእነሱ ላይ እጇን እያሳረፈች ስትሠራ አያት ነበር። እሷ ከእኔ በዕድሜ ትበልጥ ነበር፤ ጀርባዋ ግን ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር።

ዮጋ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጭ ይሆን ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ጥያቄያቸውን አከብራለሁ። እኔ ቤት ዝማሬም ምስልም የለም፤ የሚሠራው መቆም፣ መታጠፍና መተንፈስ ነው። ልቡ ያልፈቀደለት ግን የነፍስ አባቱን ወይም ኢማሙን ይጠይቅ። ብሎኩ ለተራ ጡንቻ ማሳሳብም እኩል ያገለግላል።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነውና። አምቦ ገበያ ወጥቶ ፎም ያለ ሰው የፍራሽ ስፖንጅ ይቆረጥለታል። እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ሲጫኑት አየሩ ይወጣል፣ ይሰምጣል፤ ላብም ይጠጣል። ጥሩ የዮጋ ብሎክ የሚሠራው ኢቪኤ ከሚባለው ፎም ነው። የስፖርት ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ለስላሳና ነጣሪ ክፍል ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። አረፋው እያንዳንዱ ለብቻው የተዘጋ በመሆኑ ውሃ አያስገባም፤ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ ልጅም አዛውንትም በአንድ እጅ ያነሣዋል።

አዲስ አበባ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሲኖር አብሬው ባልሄድም እንዲህ ብዬ አስጠናዋለሁ፦ ቀለሙን ተወው። በአውራ ጣትህ መሐሉን ጫን በለው፤ እምብዛም ሳይሰረጉድ ጣትህን ስታነሣ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። የጣትህ አሻራ ጎድጉዶ ከቀረ ተወው። ቀጥሎ ወለል ላይ በረጅሙ አቁመውና ክንድህን ዘርግተህ በመዳፍህ ተደገፈው። መወላወል ወይም ወገቡ ላይ እጥፍ ማለት የለበትም፤ በጣም ከፍ ባለው አቋሙ የማይታመን ብሎክ ከሦስት አንዱ ሥራው ቀረ ማለት ነው። ጠርዙ ዶልዶም ያለ እንጂ ስል እንዳይሆን፤ ጀርባ የሚያርፍበት ጊዜ አለና። ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ሌላ ምረጥ። መጠነኛ የአዲስ ዕቃ ሽታ ከሆነ ግን ነፋስ ባለው ጥላ ቦታ ሲሰነብት ይለቀዋል።

እጇ ትንሽ የሆነች ሴት ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነውን ቀጭኑን ብታገኝ መያዝ ይቀላታል። ሁልጊዜም ሁለት፣ አንድ ዓይነት ይገዛ። ከጓደኛ የተዋሱት ሌላ ልክ ከሆነ አንድ እጅ ከፍ፣ አንድ እጅ ዝቅ ይልና አካል ይዛነፋል።

ከቡሽ የሚሠራም አለ። ከፎሙ ይከብዳል፤ ሲቆሙበት የበለጠ የረጋ ነው፤ ላብ የነካው እጅም አይንሸራተትበትም። ተገኝቶ ዋጋው ከተቻለ ለቆመ ሥራ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ለሚተኙበት ግን ፎም።

ሁለቱንም ላላገኘ አናጢ አለ። እዚህ ሰፈር አናጢው ዘንድ ልኩን ጽፌ ስሄድ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ካየ በኋላ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይሆንዎታል? የበር መደገፊያ ነው?» አለኝ። መሬቱ ላይ አስቀምጬ እጄን እንዴት እንደማሳርፍበት አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ራሱ ሞከረውና፣ «እንግዲያው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ላለስልሰው፤ እንዲህማ መዳፍ ይቆርጣል» አለ። ሳልነግረው ማዕዘኖቹን ሁሉ አክብቦ ሰጠኝ። የሠራው ከዋንዛ ነው። ዋንዛ ለሥራ ገር ነው፤ በደንብ ከደረቀም ብዙ አይጣመምም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ወለል ላይ ሲያስቀምጡት ይወላወላል። ድፍን እንጨት በዚህ ልክ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚሆን ከእግር ጣት መራቅ አለበት። ለመቀመጫማ አናጢም አያስፈልግም፤ አራት ቦታ የታጠፈ ጋቢ እኩል ያገለግላል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። ሾፌሩ የጀመረው ከመቀመጥ ነው። እግሩን አጣምሮ ወለል ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከዳሌው በላይ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር፤ ጀርባውም መሪ ላይ እንደሚሆነው ጎንበስ ይል ነበር። ብሎኩን በጀርባው አስተኝቼ ጫፉ ላይ፣ ከመሐሉ ወደ ፊት አስቀመጥኩት። ዳሌው ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ ጉልበቶቹ ወረዱ፤ አከርካሪው ሳይታዘዝ ቀና አለ። ሌላ ምንም አልነገርኩትም። መለኪያው ይህ ነው፦ ጉልበት ከዳሌ በታች እስኪወርድ ድረስ ከፍታ ይጨመር። ሁለት ብሎክ የሚያስፈልገው ሰው ሁለት ይቀመጥበት።

ለሯጮቹ የምሰጠው ሩጫው እንዳለቀ፣ ጡንቻው ገና ትኩስ ሳለ የሚሠራውን ነው። ሁለቱን ብሎኮች ከእግራቸው ፊት በረጅሙ አቁመው፣ ጉልበታቸውን ትንሽ አላልተው፣ ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ታጥፈው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ደረት ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ጀርባ አይጎብጥም። ወጣቶች ወዲያው መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ እሱን እከለክላለሁ። በድንገት የተሳበ ጡንቻ ራሱን ለመከላከል መልሶ ይኮማተራል። ቀስ ያሉ ጥቂት ትንፋሾች ይበቃሉ። ሳምንታት ሲያልፉ ብሎኩ በጎኑ ይቆማል፣ ከዚያም ይተኛል። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ግን ጭንቅላቱን ከልቡ በታች አድርጎ አይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር።

የሦስት ማዕዘን አቋቋም በሚባለው ላይ ብዙ ሰው የሚበላሸው በብሎኩ ላይ ስለሚዘፈዘፍ ነው። እግር ተከፍቶ፣ አንዱ እግር ወደ ውጭ ዞሮ፣ ሰውነት ወደዚያው ጎን ሲዘነብል ብሎኩ ከቁርጭምጭሚቱ በስተውጭ ይቆማል። እጅ የሚያርፍበት ግን በጣቶቹ ጫፍ ነው። እኔ ብሎኩን ሳላስታውቅ ሳብ አድርጌ የማወጣበት ጊዜ አለ፤ ሰውየው ባለበት ከቆየ እግሮቹ እየሠሩ ነው።

ሁሉም የሚወዱት መጨረሻ ላይ ያለው ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን አንሥቶ ብሎኩን ከሥር ማስገባት። እዚህ ላይ ቦታው ወሳኝ ነው፤ አጥብቄ የምናገረውም ስለዚህ ነው። ብሎኩ የሚያርፈው ወገብ ጎድጎድ በሚልበት ላይ አይደለም፤ ቀበቶ ከሚታሰርበት ዝቅ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ ነው። እጅን ከኋላ ልኮ ያን ጠንካራ ጠፍጣፋ ቦታ በመዳፍ መዳሰስ፣ ከዚያ ማስገባት። በትክክል ካረፈ ወገብ ይረዝማል፣ ሆድ ይለሰልሳል። መቆርቆር ወይም መጠዝጠዝ ካለ ወዲያው ይውጣ። በመካከለኛው ከፍታ አይጀመር፤ ከዝቅተኛው ይጀመር። ለወገባቸው ሲሉ የአምቦን ፍል ውሃ የሚመላለሱ ጎረቤቶቼ ከመዋኛው በተመለሱበት ቀን ይህን ሲሠሩ ሰውነታቸው ፈጥኖ ይላላል።

የዓለም የዮጋ ቀን ሰኔ 14 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. የወሰነው። ለእኛ ያ ቀን የክረምቱ መግቢያ ነው። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ሯጩም ቤት ይውላል፣ የሳሎኔ ሰውም ይበዛል። በዚያ ወራት ስለ ወለል እጠነቀቃለሁ፤ ሊሾም ሆነ ሴራሚክ እርጥበት ከነካው ብሎክ ይንሸራተታል። ምንጣፍ ከሌለ የጎማ ንጣፍ ቁራጭ ከሥሩ ይደረግ። ፎሙ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ በጨርቅ ይታበሳል፤ በረኪና አያስፈልገውም። በበጋ ደግሞ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አይተው፤ ሙቀት ያኮማትረዋል፣ ያደርቀዋልም። ከባድ ዕቃ ከተጫነበት ጎድጉዶ ይቀራል፤ አይጥም ይቆረጥመዋል። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ጠርዛቸው መፈርፈር ሲጀምር፣ ወይም በረጅሙ ሲቆሙ ማዘንበል ሲያሳዩ፣ ለቆመ ሥራ መጠቀም አቆምና ለመቀመጫ አዛውራቸዋለሁ።