ያልተነካ ሳንቲም

በአሜሪካ አሥር ሳንቲም «ዳይም» ይባላል። ዳይምን ለመግዣ ሳይሆን ለማቆየት የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የሚፈልጉት ገበያ ያልዋለውን ነው፤ አለዚያም ለሰብሳቢ ተብሎ በተወለወለ ማተሚያ ቢያንስ ሁለቴ ተመትቶ፣ እንደ መስተዋት እንዲያበራ የተሠራውን።

ጀማሪ ሰብሳቢ በመጀመሪያ ዓመቱን ያንብብ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መልክ ያለበት ዳይም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1964 የሚል ከሆነ፣ ከመቶ 90 እጁ ጌጥ የሚሠራበት ብር ነው። ከ1965 ወዲህ ለገበያ የሚወጣው ግን መዳብና ኒኬል ነው፤ ጠርዙን ብታዩት የመዳቡ ቅላት ይታያል።

ዋናው ነገር አያያዙ ነው። የጣት ወዝ ስለሚያበላሸው ሳንቲሙ በጠርዙ ይያዛል። ጠቆረ ተብሎ በአመድ ቢፈተግ ያበራል፤ ነገር ግን ይጫጫራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ጠገራ ብር በሣጥን ያኖራችሁም ብትሆኑ፣ ሳትፈትጉ እንዳለ አቆዩት።