የሳንባ ደም ሥሮች፤ ከደሴ ከፍታ ላይ ሲታዩ

የሳንባ ሕመም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው አየርን ነው፤ ሳሉን፣ አክታውን፣ ሲር ሲር የሚለውን ትንፋሽ። ሐኪሙ ግን ደረት አዳምጦ ሲጨርስ ወደ እግር ይወርዳል። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቅ፣ ጉድጓዱ ቶሎ ሳይሞላ ይቆያል። «እማማ፣ ጫማዎ ማታ ማታ ይጠብዎታል?» ይላል። ሳንባው የታመመ ሰው እግሩ ለምን ያብጣል? መልሱ ያለው በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ነው።

ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ትረጫለች፤ ያ ሁሉ ደም በሳንባ በኩል ያልፋል። እዚያ ሲደርስ እጅግ በቀጠኑ ሥሮች ተበትኖ የአየር ከረጢቶቹን ይከባል። በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። በሳንባ ውስጥ ያለው የደም ግፊትም ለዚህ ስስ ግድግዳ የሚመች ዝቅተኛ ግፊት ነው። በጤነኛ ሰው አማካዩ 14 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከ20 ካለፈ የሳንባ ደም ግፊት ተብሎ ይመዘገባል። ክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ ይህ አይታይም፤ የልብ አልትራሳውንድ ይጠይቃል።

እነዚህ ሥሮች ግሩም ጠባይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ስዊድናውያኑ ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ በድመቶች ላይ እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን ያነሰበት የሳንባ ክፍል ውስጥ ያለው ሥር ይጠባል፤ ደሙም አየር ወዳልጎደለበት ክፍል ይዞራል። አንድ ጥግ በአክታ ሲዘጋ ይህ ብልሃት ሕይወት ያድናል። መላው ሳንባ ሲታመም ግን ሥሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይጠባሉ፤ ጥበቱም ዓመታት ሲቆይ ግድግዳቸው በጡንቻ ይወፍራል። የቀኙ የልብ ክፍል በእነዚህ ጠባብ ሥሮች ውስጥ ደም ሲገፋ ይለጠጣል፣ ይደክማል፤ ደም ወደኋላ ይከማቻል፤ እግር ያብጣል።

ኦክስጅን የሚያንሰው ግን በሕመም ብቻ አይደለም፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። የሐረጎን ተራራ ተሻግሮ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ወደ አራት አምስተኛው ይጠጋል። ስለዚህ «ኮምቦልቻ ስወርድ ቀለል ይለኛል» የሚል የሳንባ ሕመምተኛ የሚናገረው እውነቱን ነው።

ደገኛው ከፍታውን ለምዶታል፤ ያውም በሚያስደንቅ መንገድ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የኦክስጅን መጠናቸውም ሄሞግሎቢናቸውም ከቆላ ሰው እንደማይለይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ3,700 ሜትር በሚኖሩት ላይ የሳንባ ግፊቱ ከፍ ቢልም፣ ሥሮቹ የደሙን መተላለፊያ እንዳላጠበቡ አገኘ። ይህ ጸጋ ግን ከጭስ አያድንም።

መስኮት በሌለው ማድ ቤት ምጣዱ ሥር ኩበትና እንጨት ሲነድ፣ ጎንበስ ብላ የምትጋግረው እናት የምትስበው ጭስ የደም ሥሮቹን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። ያ ሽፋን ሥሩን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ሲጎዳ ሥሩ መላላት ያቅተዋል። ቆይቶም የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ራሱ ይፈርሳል፣ በላዩ የነበሩት ቀጫጭን ሥሮችም አብረው ይጠፋሉ። ቲቢም እንዲሁ ያደርጋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በሚታከምበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጀርሙ ጠፍቶለት የወጣ ሰው፣ ጠባሳው ሥሮቹን ስለበላበት ዳገት ሊያቅተው ይችላል። «ድነሃል» ብሎ መሸኘት ብቻውን አይበቃም እላለሁ፤ ክትትሉ መቀጠል አለበት።

ጥገና የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎችን ለዩ፤ አንደኛው ለጋዝ ልውውጥ የተዘረጋ ሰፊ ሴል ነው፤ ሁለተኛው ጉዳት ሲደርስ እየተከፈለ ሁለቱንም የሚተካ። ይህ ጠጋኝ ሴል ለጊዜያዊ ጉዳት ይደርሳል። ጭሱ በየቀኑ ከተመለሰ ግን ጥገናው አይደርስበትም፤ በቦታው ጡንቻና ጠባሳ ይበዛል።

ሥርን የሚከፍት መድኃኒት ለምን አይሰጥም የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። እንደ ሲልዴናፊል ያለው አየር የማይደርስበትን ክፍል ሥርም ሊከፍት ስለሚችል፣ በጭስ በተጎዳ ሳንባ ላይ ኦክስጅኑን ይበልጥ ሊያወርድ ይችላል። ኦክስጅናቸው በጣም ለወረደ ሕመምተኞች ዕድሜ እንደሚያረዝም በጥናት የተረጋገጠው ኦክስጅኑ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ፣ በ1981 በእንግሊዝ የወጡት ጥናቶች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት መውሰድን አመለከቱ። 15 ሰዓት ማለት ቤት ውስጥ ማሽን፣ የማይቋረጥ መብራት ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ከጠፋው መሣሪያ ውስጥ የእነዚህ ሕመምተኞች ትንፋሽም ነበረበት።

በዚያ ላይ ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል። የኦክስጅኑ ማሽንና ምድጃው አንድ ክፍል ውስጥ ሊሆኑ አይችሉም፤ ኦክስጅን ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ማድ ቤቱ ተለይቶ መውጣት አለበት።