የፍሳሽ ቱቦ ማስቀየር ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ?

ሽንት ቤት ገብታችሁ ውሃ ስትለቁ፣ ያ ውሃ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን አናስብም። ውሃው እየተንሿሿ ይወርዳል፣ በቃ፣ አለቀ። ግን ከቤቱ ወለል ሥር ተነስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በመንገዱ ሥር ካለው የከተማው ዋና መስመር ጋር የሚገናኝ አንድ ቱቦ አለ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። የሽንት ቤቱም፣ የወጥ ቤቱም፣ የልብስ ማጠቢያውም ፍሳሽ የሚወጣው በእሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ቱቦ ማስቀየር ከጥቂት ሺህ ዶላር ይጀምርና 20 ሺህ ዶላርን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ለዓመታት ቆጥቦ፣ ከባንክ ተበድሮ ቤት ለገዛ ቤተሰብ ይህ ከባድ ዱብ ዕዳ ነው። እዚያ ባሉ በብዙ የሐበሻ ቤቶች ደግሞ የእንግሊዝኛውን ውልና ደብዳቤ አንብበው ለወላጆቻቸው የሚያስረዱት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል መረዳታችሁ እናትና አባታችሁን ከትልቅ ወጪ ሊያድን ይችላል።

ክፍያው ለቱቦው ሳይሆን ለአፈሩ ነው

እስቲ አብረን እናስላ። ቤቱ ከዋናው መስመር 30 ሜትር ይርቃል እንበል። ቱቦው የተቀበረው 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ለመቆፈር ደግሞ ቢያንስ የ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። 30 ሜትር ሲባዛ በ2 ሜትር፣ ሲባዛ በ0.6 ሜትር፣ 36 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ ወደ 60 ቶን የሚጠጋ አፈር መውጣት፣ ከዚያም ተመልሶ መግባትና መጠቅጠቅ አለበት። አዲሱ የፕላስቲክ ቱቦስ? ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩን ከወሰድን፣ 30 ሜትሩ በሙሉ 100 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱ ታያችሁ? ዋጋው የሚንረው በቱቦው ሳይሆን ከቱቦው በላይ ባለው ነገር ነው። ከላዩ ሣር ብቻ ካለ ሥራው ይቀላል። የመኪና መግቢያ ኮንክሪት ካለ ግን ተሰብሮ እንደገና መሞላት አለበት። ቱቦው የተሰበረው መንገዱ ሥር ከሆነ አስፋልት መቁረጥ፣ ከከተማው ፈቃድ ማውጣትና የመኪናውን እንቅስቃሴ መቆጣጠር ይመጣል።

ጥልቀቱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የቆፈሩት ጉድጓድ ሊደረመስ ይችላል፤ ከአንድ ሜትር ኩብ አፈር ሥር የተቀበረ ሠራተኛ መኪና እንደወደቀበት ቁጠሩት። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ የጠለቀ ቦይ፣ ጠንካራ አለት ውስጥ ካልሆነ በስተቀር፣ ግድግዳው በድጋፍ እንዲያዝ ወይም ዘንበል ተደርጎ እንዲቆፈር ያዛል።

ታዲያ ለምን ጠለቅ ብሎ ይቀበራል?

መልሱ የመሬት ስበት ነው። ንጹሕ ውሃ ወደ ቤታችሁ የሚመጣው በግፊት ነው፤ ስለዚህ የውሃ ቧንቧ ሽቅብም ቁልቁልም መሄድ ይችላል። ፍሳሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው የለም። በራሱ ክብደት ነው ወደ ታች የሚፈሰው። ስለዚህ ቱቦው ከቤት እስከ መንገድ ድረስ ሳያቋርጥ ቁልቁል መውረድ አለበት። የተለመደው ልክ በየአንድ ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነው።

ይህች ትንሽ ዝቅታ ለምን አስፈለገች? ውሃው ቆሻሻውን ይዞ እንዲሄድ ፍጥነት ያስፈልገዋል። መሐንዲሶች እንደ መነሻ የሚወስዱት በሴኮንድ 0.6 ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ውሃው ያልፍና ጠጣሩ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ ውሎ አድሮም ይደፍናል።

አሁን ወደ 30 ሜትሩ ምሳሌያችን እንመለስ። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ፣ መንገድ ጋ ሲደርስ 60 ሴንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። የመንገዱ ዋና መስመር ራሱም ከብዙ ቤት እየተቀበለ ቁልቁል ስለሚሄድ ከዚያም ሊጠልቅ ይችላል። «ወጪ ለመቀነስ ትንሽ ከፍ አድርገን እንቅበረው» የማይባለው ለዚህ ነው።

ቱቦውን ምን ይጎዳዋል?

ቤቱ የተሠራበት ዘመን ብዙ ይናገራል። አሮጌ የአሜሪካ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሸክላ ወይም የካስት አይረን ቱቦ አላቸው። የሸክላ ቱቦ ለአሲድ አይበገርም፤ ችግሩ አጫጭር ሆኖ መሠራቱ ነው። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ብዙ መገጣጠሚያ አለ። መገጣጠሚያው ትንሽ ሲላላ እርጥበት ወደ አፈሩ ይወጣል። የዛፍ ሥር ደግሞ እርጥበት ባገኘበት አቅጣጫ ያድጋል። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሥር ይገባል፤ ውስጥ ውሃውንም ምግቡንም አግኝቶ ይወፍራል። በመጨረሻ መገጣጠሚያውን ያሰፋዋል፣ ቱቦውንም ይሰነጥቀዋል።

ካስት አይረን ጠንካራ ነው፤ የሚበላው ግን ከውስጥ ነው። ፍሳሽ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የእሱ ነው። ጋዙ ከውሃው በላይ ባለው የቱቦው እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ኮንክሪት ቱቦ ላይም ይኸው ነው የሚደርሰው።

ከሁሉም ደካማው ኦሬንጅበርግ የሚባለው ነው። ይህ ከእንጨት ጭረት ተሠርቶ በዝፍት የተነከረ ቱቦ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ብዙ ቤት ላይ ገባ፤ እስከ 1970ዎቹም ሲቀበር ቆየ። እርጥበትና የአፈር ክብደት ሲበዛበት ክቡ ቱቦ እየተጨፈለቀ እንደ እንቁላል ይሆናል። ዛሬ የሚቀበረው በአብዛኛው ፒቪሲ ነው፤ አይዝግም፣ መገጣጠሚያውም ጥቂት ነው።

ሳይቆፈር መቀየር አይቻልም?

በብዙ ቦታ ይቻላል። ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከውስጥ መሸፈን ነው። ፈሳሽ ሬዚን የጠጣ ለስላሳ የጨርቅ ቱቦ አሮጌው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በአየር ወይም በውሃ ይነፋና ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲጠነክር አሮጌው ቱቦ ውስጥ አዲስ ቱቦ ተሠራ ማለት ነው። ይህን ዘዴ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኤሪክ ዉድ እ.ኤ.አ. በ1971 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክሮታል።

ሁለተኛው አሮጌውን ማፈንዳት ነው፤ አትደንግጡ፣ ፈንጂ የለበትም። ሾጣጣ ብረት በገመድ እየተሳበ አሮጌውን ቱቦ ከውስጥ ሰባብሮ ስብርባሪውን ወደ አፈሩ ይገፋዋል፤ አዲሱ የፕላስቲክ ቱቦም ከኋላው ተጎትቶ ይገባል። መቆፈር የሚያስፈልገው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው።

እነዚህ ዘዴዎች በሜትር ሲሰላ ከተራ ቁፋሮ ሊወደዱ ይችላሉ። የሚያዋጡት ከላይ ውድ ነገር ሲኖር ነው፦ ኮንክሪት፣ ትልቅ ዛፍ፣ አስፋልት። ደግሞም ሁሉን አይፈውሱም። ቱቦው መሐል ላይ ሰርጎ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ከውስጥ መሸፈን አይረዳም፤ አዲሱ ሽፋን የአሮጌውን ቅርጽ ተከትሎ እሱም ይሰረጉዳልና። እንዲህ ያለው ቦታ ተቆፍሮ ነው የሚስተካከለው።

ቱቦው የማን ነው?

ብዙ ሰው ከግቢው ውጪ ያለው ሁሉ የከተማው ይመስለዋል። እንደየቦታው ይለያያል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ሲያትል፣ ቱቦው መንገድ ሥር ካለው ዋና መስመር እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ጀምሮ ከግቢው ወሰን ውጪ ያለውን አብዛኛውን መስመር የውሃና ፍሳሽ ድርጅቶች ተረክበዋል። አንድ ዓይነት ቱቦ፣ አንድ ዓይነት ስንጥቅ፤ ከፋዩ ግን በሕጉ ይለያል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድና አጎራባቾቿ ሌላ መንገድ ይዘዋል። እዚያ ቤት ሲሸጥ ቱቦው እንደማያፈስ ተፈትኖ ምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። ለምን መሰላችሁ? በተሰነጠቀ ቱቦ ፍሳሽ እንደሚወጣ ሁሉ የዝናብ ውሃም ይገባል። የሺህ ቤቶች ስንጥቅ ሲደመር በዝናብ ቀን ማጣሪያ ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ይሞላና ያልተጣራው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። በግቢያችሁ ያለ ስንጥቅ የጎረቤትም፣ የዓሣም ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ደግሞ የምታውቁት ሌላ ሥርዓት ነው፦ ብዙ ቤት ፍሳሹን በግቢው ጉድጓድ አጠራቅሞ ሲሞላ በመኪና ያስመጥጣል። ጉድጓድ ሲሞላ ይታወቃል፤ ክፍያውም በየጊዜው ይመጣል። ቱቦ ግን ሠላሳ አርባ ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ የሁሉንም ሒሳብ በአንድ ቀን ሊጠይቅ ይችላል።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ምልክቱን ለዩ። አንድ ሲንክ ብቻ ቀስ ብሎ ከወረደ ችግሩ እዚያው አጠገብ ነው። ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ ሻወሩ ውስጥ ውሃ ብቅ ካለ፣ ወይም ልብስ ማጠቢያው ሲደፋ ሌላው ሁሉ ከተንቦቀቦቀ፣ ዋናው ቱቦ ታሟል ማለት ነው።

ቤት ሊገዛ ከሆነ፣ ውሉ ሳይፈረም በፊት ቱቦው በካሜራ ይታይ። መደበኛው የቤት ምርመራ ብዙ ጊዜ ይህን አያካትትም። የካሜራው ዋጋ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የሚያድነው ግን በሺዎች የሚቆጠር ነው። ቱቦው ተበላሽቶ ከተገኘ ሻጩ እንዲያሠራ ወይም ዋጋ እንዲቀንስ መደራደር ይቻላል። ከተፈረመ በኋላ ግን ይህ ሊከብድ ይችላል።

ባለሙያ «ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ሲላችሁ ቪዲዮውን ጠይቁ። ስብራቱ ስንተኛው ሜትር ላይ ነው? አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ያን ብቻ መጠገን ይበቃ ይሆናል። ቢያንስ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ፈቃዱ፣ የኮንክሪቱ ማደሻና አፈሩን መመለሱ በዋጋው ውስጥ እንዳሉ አረጋግጡ። አሜሪካ ውስጥ ማንም ከመቆፈሩ በፊት 811 ላይ መደወል አለበት፤ የጋዝና የመብራት መስመሮች በነጻ ምልክት ይደረግባቸዋል።

የቤት ኢንሹራንሱንም አንብቡት። መደበኛው ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በእርጅና የተበላሸ ቱቦ አይሸፍንም፤ ለዚህ ተብሎ የሚጨመር ሽፋን ግን አለ። ቱቦው ከተሰበረ በኋላ ለዚያ ስብራት ሽፋን መግዛት ስለማይቻል፣ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቤቱ በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ? ቱቦው ከምን የተሠራ ነው? ኢንሹራንሱስ ቱቦውን ይጨምራል?