እህቴ በበዓል ቀን ስልክ አታነሳም

«ረስታናለች። ዶላር ስታይ ረሳችን። ሌላ ምን ይባላል?»

ይህን ያለኝ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶው ፊቱ ቀዝቅዞ የተቀመጠ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ታላቅ እህቱ በዲቪ ዋሽንግተን ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባለፈው ገና ጠዋት ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ወጥቶ፣ እናት የሀገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቤተሰቡ በሙሉ አንዲት ስልክ ከቦ ተቀመጠ። ተደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ተደገመ። ይጠራል፤ አይነሳም። እናት «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ብለው ብድግ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ጓዳ ሲገባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አገኛቸው። ደሙ ፈላ! ወዲያው በቴሌግራም ለእህቱ የጻፈላትን አሳይቶኛል፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ቃል አይደለም። ልጅቷ አንብባዋለች፤ መልስ ግን የለም። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድምና እህት ተኳርፈዋል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የደወላችሁት?» አልኩት።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«እሷ ጋ ስንት ሰዓት እንደነበር ታውቃለህ?»

«ሌሊት ነዋ! ሌሊት ደግሞ ሰው ቤቱ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠረው። በክረምታቸው ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ማርች ላይ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉት ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ተመልሶ 8። ስለዚህ የእኛ የገና ጠዋት 3 ሰዓት እሷ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ልጅቷ የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ይህንን የነገረኝ ራሱ ወንድሟ ነው! ሁለቱን ነገር አገናኝቷቸው ግን አያውቅም። ዶሮው ፊት ተቀምጦ ሲደውል እህቱ አንዱን ሽማግሌ እያገላበጠች፣ አንዷን አሮጊት ሽንት ቤት እያደረሰች ነው። ስልኳ ደግሞ ተቆልፎበት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ይጮኻል።

እዚያች ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬባታለሁ። ልጁን ከመውቀሴ በፊት የማውቀውን ላጫውተው አልኩ። ጎረምሳ መቼም ሲቆጣ አይሰማም፤ ይኼኛው ግን ሰማኝ።

ገና የሥራ ቀን ነው

ዋሽንግተንን በፊልም ብቻ የሚያውቃት ሰው ነጩን ቤተ መንግሥት ያስባል። የእኛ ሰው ዋሽንግተን ሌላ ናት። ቀደም ብለው የገቡት አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ዞሩ። እሱም ሲወደድ ብዙው ከከተማው ወጥቶ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ሰፈረ። እናም «ዋሽንግተን ነኝ» የሚላችሁ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ አዳሩ ሌላ ክፍለ ግዛት ነው። ከፎቅ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ሒሳብ ሲቀበል የሚውለውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ጠዋት በጨለማ ትገባለህ፣ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ በጨለማ ትወጣለህ። ፀሐይ ያየሁት ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሆነበት ሳምንት ብዙ ነው።

በዓሉ ደግሞ ራሱን ችሎ አይመጣላችሁም። እዚህ በግ ሲጮህ፣ ዶሮ ሲገበያይ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ሰፈሩ ራሱ «በዓል ነው» ይላችኋል። እዚያ ማንም አይላችሁም። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ገናቸውን ሲያከብሩ ከተማው ጭር ይላል፤ የእኛ ጾመኛ ግን ገና ጾሙን አልፈታም። የሥራ ባልደረባው ኬክ ይዞ ይመጣል፤ «አመሰግናለሁ፣ ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ወተትና ቅቤን ከሥሩ ማስረዳት ሊጀምር ነው። ጃንዋሪ 7 የእኛ ሲደርስ ደግሞ እነሱ የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ጥለውታል። ከቅዳሴ የወጣ ሀበሻ ነጠላውን በካፖርት ሸፍኖ በተጣለ የገና ዛፍ መሐል ወደ ሥራው ይሮጣል። ፋሲካም እንዲሁ ነው። በ2024 በሁለቱ ፋሲካ መካከል አምስት ሳምንት ነበር። በ2025 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 20 ቀን ዋሉና ያን ዓመት «እንኳን አደረሰህ» የሚል ፈረንጅ ተገኘ።

«ታዲያ ፈቃድ አትጠይቅም?» አለኝ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው ክፍያ ያለው የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም። የሚሰጥ ይሰጣል፣ የማይሰጥ አይሰጥም። በሃይማኖት በኩል ግን አንድ በር አለ። በ1964 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ፣ ሥራውን ከባድ ችግር ውስጥ ካልከተተው በቀር፣ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ ማመቻቸት አለበት ይላል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ ይህንኑ አጥብቆታል። ስለዚህ ቀደም ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ፈረቃ ከሰው ጋር መለዋወጥ ይቻላል። እዚያ ያላችሁና ይህን የምታነቡ፣ አትፍሩ ጠይቁ! ችግሩ አዲስ ገቢ ሰው መጠየቁን ይፈራዋል። የቀረችበት ቀን ደግሞ ክፍያ የላትም።

ሙስሊም ወገኖቻችን ጋ ስትሄዱ ነገሩ ይብሳል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ የወሎ ልጅ ለኢድ ፈቃድ ሊጠይቅ ገባ። አለቃው «የትኛውን ቀን?» አለው። «ወይ ረቡዕ፣ ወይ ሐሙስ።» «መቼ ነው የምታውቀው?» «ጨረቃዋ ስትታይ!» አለቃው ለረጅም ጊዜ እያየው ዝም ብሎ እንደነበር እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ጭስና ቅዳሜ

ስለዚህ ሀበሻ በዓሉን ቅዳሜ ላይ ያደርገዋል። ቅዳሴው በቀኑ ይቀደሳል፤ ዶሮው ግን ሰው የሚሰበሰብበትን ቀን ይጠብቃል። ደህና ጓደኛ ያለው ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ ላይ በግ ያሳርዳል፣ ሰብሰብ ብሎም ቅርጫ ይገባል። ብቻውን የሚኖረው ደግሞ ሱፐርማርኬት ገብቶ ያለጭንቅላት የታሸገ ዶሮ ያነሳል። ያንን ዶሮ እናቱ እንዳስተማረችው 12 ብልት ለማውጣት ሲታገል ያየሁት ወንድ አለ። ዘጠኙን በደንብ አገኘው፤ ሦስቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ጉዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካ አፓርታማ ጣሪያው ላይ የጭስ ደወል አለው። ሽንኩርቱን አቁላልታችሁ በርበሬ ስትጨምሩ ዝም ሊል ይችላል። ቡና ስትቆሉ ግን አይምራችሁም! ሕንጻው እስኪናጋ ይጮኻል። አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ያራግባል፣ ሌላው በጃንዋሪ ብርድ መስኮት ይከፍታል፣ ጎረቤት በሩን ያንኳኳል። ዕጣን ለማጨስ የደፈረማ እሳት አደጋ ሊጠራበት ይችላል። ቄጠማው ፕላስቲክ ነው። አንዲት እህት «ሽታ የሌለው በዓል» ትለው ነበር፤ ሳቅሁባት፣ ከዓመት በኋላ ገባኝ።

እንቁጣጣሽ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የእኛ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነበር። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ፔንታጎን በአውሮፕላን የተመታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አልፏል። ያኔ ታክሲ ይነዱ የነበሩ አንድ ጋሼ ሲነግሩኝ፣ ጠዋት «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት አገር ቤት ደውለው ነበር። ከሰዓት በኋላ እናታቸው «ልጄ በሕይወት አለ?» ብለው ሲፈልጓቸው መስመሩ ተጨናንቆ የተገናኙት በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን አሜሪካ ባንዲራዋን ዝቅ አድርጋ ሐዘን ላይ ትሆናለች። የእኛ ሰው አበባ የያዘ ልጁን ፎቶ የሚያነሳው በዚያው ቀን ነው። ጋሼ ሥራ ቦታ ላይ «መልካም አዲስ ዓመት» ብለው አያውቁም። ቤታቸው ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ይሉታል።

ሀበሻ ያለ ሐሳብ ሙሉ ለሙሉ የሚዝናናበት ሳምንት የቱ ነው ካላችሁኝ፣ የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም አይደለም፤ ኳስ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ከተመሠረተ ከ1984 ወዲህ በጁላይ 4 አካባቢ ከየከተማው የመጡ ቡድኖች ይገናኛሉ። ለምን ያን ጊዜ? አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዓል ላይ ስለሆኑ ፈቃድ ማግኘት ይቀላላ! ኳሱን የሚያየው ጥቂት ነው። ሌላው የጠፋ ጓደኛውን ይፈልጋል።

«ምን በላሽ?»

ወደ ልጁ እንመለስ። ቀና ብሎ «እሺ፣ ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበረች። ጠዋትስ ለምን አልደወለችም?» አለኝ።

ይህንን እሷን ሳልጠይቅ አውቃለሁ ማለት አልችልም። የራሴን ግን ልናገር። የመጀመሪያ ገናዬን ያከበርኩት ምድር ቤት፣ ሒሳብ መቀበያው ሳጥን ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ሳንድዊች እየበላሁ ነው። እናቴ ስትደውልልኝ «ምን በላህ?» አለች። «ዶሮ» አልኳት። «ከማን ጋር?» «ከጓደኞቼ ጋር።» «ድምፅህ ለምን ያስተጋባል?» «ቤቱ ትልቅ ስለሆነ ነው።» ያቺን ውሸት ለማቆየት በፋሲካ ሌላ ጨመርኩ። በሦስተኛው በዓል መዋሸቱ ስለደከመኝ ስልኩን አላነሳሁትም።

ከዚያ ላይ ገንዘቡ አለ። የበዓል ሰሞን ስልክ ሲጠራ «እንኳን አደረሰህ» የምትለው ቃል ሳታልቅ ቀጥላ የምትመጣውን ሁላችንም እናውቃታለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 100 ዶላር ከ10 ሺህ ብር በላይ ሆኗል፤ እዚህ ላለ ሰው 100 ዶላር መላክ ቀላል ይመስለዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ታክሱ ሲነሳለት 100 ዶላር አንድ ሙሉ ሌሊት ሽማግሌ ማገላበጥ ማለት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ ደግሞ በወር 2,000 ዶላርን ከተሻገረ ቆይቷል። አልልክም ማለት ያሳፍራል፤ እልካለሁ ብሎ መቅረት ይብሳል፤ ስልኩን አለማንሳት ይቀላል። ትክክል ነው አላልኩም። እናት ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ «ይቀላል» የምትለው ቃል ምን ዋጋ አላት?

ልጁ አንገቱን ደፋ። ለገና ስንት ጠይቋት እንደነበር አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ነገረኝ። ጫማ ነበር የፈለገው።

እኔም የነገርኩት ይህንን ነው፦ በበዓሉ ጠዋት አትደውል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደውል፤ እሷ ጋ ያን ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ከሥራ ወጥታ ቤቷ ገብታለች። መጀመሪያ ስለ ጻፍከው ይቅርታ ጠይቃት። ስለ ገንዘብ አታንሳ። ስልኩን ለእናትህ ስጣቸውና ቡና እያፈሉ እንዲያወሯት ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው፤ ባይነጋገሩም ግድ የለም፣ ሲወቀጥ ትስማው።

በሚቀጥለው ሰኞ ደወለልኝ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ሞክረው በሁለተኛው ጥሪ አንስታለች። ይቅርታውን ሳይጨርስ «ተወው በቃ» አለችው። እናት ስልኩን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው «ለገና ምን በላሽ?» አሉ። ልጅቷ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እንቁላል ጠብሼ ተኛሁ፣ እማዬ» አለች። እናት ሙቀጫውን አቁመው «በምን ጠበስሽው? ቅቤ አለሽ?» ሲሉ ጠየቁ። እንደሌላት ስትነግራቸው፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እንዲፈልግላቸው ለልጃቸው ነገሩት። አሁን የያዘው ሥራ እሱ ነው፤ ሁለት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ የሚወስድ መንገደኛ እየፈለገ ነው።